ልጃችሁ ዛሬ ምን ጠየቀ?

(ጎንደር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከተቀዳው ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። የቀነስኩት ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ የተከበራችሁ ወላጆች! እንደምን ዋላችሁ መምህራን፣ ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶች! ከኋላ ያላችሁስ? ትሰማላችሁ? ድምፅ ማጉያው ዛሬ አኩርፏል መሰለኝ። እናቶች፣ እስቲ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ። ልጅ የታቀፋችሁም ልጁ ቢያለቅስ አትሳቀቁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት በለቅሶ መሃል ነው።

የመጣሁት ስለ ልዩ ተሰጥኦ ላወራችሁ ነው። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ ልዩ ተሰጥኦ እንዳለው በምን ይታወቃል? ሦስት ነገር እላለሁ። መጀመሪያ ምልክት ያልሆነውን። ቀጥሎ ምልክት የሆነውን። ከዚያ ደግሞ ዓይናችን ሥር ሆነው የማናያቸውን ልጆች። መሃል ላይ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ማይክ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

በመጀመሪያው ልጀምር። «ልጄ ስልክ ከእኔ በላይ ይችላል» የሚል ወላጅ እስቲ እጁን ያውጣ! አያችሁ? አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ወገኖቼ፣ ይህ ተሰጥኦ አይደለም። ተሰጥኦው ያለው ስልኩን የሠሩት ሰዎች ጋ ነው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ እንዲከፍተው አድርገው ሠርተውታል። ከካርቱን የተለቀመ እንግሊዝኛም እንደዚያው ነው። ልጅ የሰማውን ቋንቋ ይለቅማል። እኛ የምንደነቀው ልጁ ጎንደር ስለተወለደ ነው እንጂ የለንደን ልጅም ይናገረዋል።

በሦስት ዓመት ፊደል መቁጠርስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ማንም ሳያስተምረው፣ የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ ጽሑፍ እያየ በራሱ ማንበብ የጀመረ ልጅ ካለ፣ አዎ፣ ያ ትልቅ ምልክት ነው። አስጠኚ ቀጥረን፣ እንቅልፉን ነስተን ያስቆጠርነው ልጅ ግን የሚያሳየን የራሳችንን ትጋት ነው።

አሁን የምናገረው የሚያስቀይመው ሰው ይኖራል። ደረጃ። አንደኛ መውጣት። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ካርድ ሲታደል የምናጨበጭብለት ነገር።

እኔ አንደኛ እወጣ ነበር። ለምን? ደብተሬ ንጹሕ ነው። መምህሩ ያሉትን ቃል በቃል እመልሳለሁ። አላስቸግርም። ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን መምህራችን «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እኔ ቶሎ ገለበጥኩ። እሷ እጇን አወጣችና «ታዲያ ለገና ከወዲያኛው ጋራ፣ ክረምት ሲገባ ከወዲህኛው የምትወጣው ለምንድነው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። «ተቀመጪ!» ተባለች። እኔማ ጥያቄውም አልገባኝም ነበር። ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ የፀሐይ መውጫ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ማንም አልነገራትም። ከደጃቸው ቆማ አይታ ነው። በዚያ ዓመት እኔ አንደኛ ወጣሁ፤ እሷ ሃያ ምናምነኛ። አራተኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። ከሁለታችን ተሰጥኦ የነበራት እሷ ናት። እኔ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ጎበዝ ተማሪ መሆን ጥሩ ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው።

የተራቀቀ ፈተና ቢኖርስ? እሱም ይስታል። ሉዊስ ተርማን የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ ትልቅ ጥናት ጀመረ። በአእምሮ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ከ1,500 በላይ ልጆች ተመርጠው ዕድሜ ልካቸውን ክትትል ተደረገላቸው። ተፈትነው ነጥቡ ያልሞላላቸው ደግሞ ቀሩ። ከቀሩት ሁለቱ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይባላሉ። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ከተመረጡትስ ስንቱ ኖቤል አገኘ? አንድም!

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ምልክቱ ምንድነው?

ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ ብባል የምለው ይህንን ነው፤ የልጁን ጥያቄ አድምጡ። መልሱን አይደለም፤ ጥያቄውን። ጥያቄውን!

ሁሉም ሕፃን «ለምን?» ይላል። ብዙው መልስ ሲያገኝ ይረካል፤ ወይ ይረሳውና ወደ ጨዋታው ይሮጣል። ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ግን መልሱን ይዞ ይሄዳል፤ ያመነዥከዋል፤ ከዚያ በመልሱ ላይ ሌላ ጥያቄ ሠርቶ ይመለሳል። አንድ የጎረቤቴ ልጅ አለ። ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ወስደነው «ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» አለ። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ እንደሚገባ ነገርነው። ዝም አለ። አለቀ ብለን ነበር። ማታ እራት ላይ «ውሃው ሲባረክ ቀሃም ይባረካል?» አለ። አያቱ «የተባረከውማ ገንዳው ውስጥ ያለው ነው» አሉት። በነጋታው ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «ገንዳው ሲለቀቅ ውሃው የት ይሄዳል?» «ወደ ታች ይፈሳላ፣ ልጄ።» «እንግዲያው ከታች ያሉት ሰዎች ሳይመጡ ተጠመቁ ማለት ነው» ብሎ ወጣ። አያቱ አማተቡ። እኔ ግን ያን ቀን ለእናቱ «ይህን ልጅ ጠብቂው» አልኳት። አንድ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ይዞ አደረ እኮ! ትልቅ ሰው እንኳ ስንቱ ነው ጥያቄ ይዞ የሚያድር?

ሌላውን ልንገራችሁ። አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነው። አንድ ልጅ ፊደል አልጽፍም አለ። የቤት ሥራው እያንዳንዱን ፊደል ደጋግሞ መጻፍ ነበር፤ ሁሌም ባዶ ደብተር ይዞ ይመጣል። እናቱ ሰነፍ ነው ብላ ታለቅሳለች። አጠገቤ አስቀመጥኩትና «ለምን አትጽፍም?» አልኩት። «ቲቸር፣ አውቄዋለሁ» አለኝ። «ምኑን?» «ሁለተኛው ጎኑ ላይ ጭረት አለው። ሁ፣ ሉ፣ ሙ። አምስተኛው እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ሌ፣ ሜ፣ ሴ። እሱን ካወቅኩ ሌላውን ለምን እጽፋለሁ?» ቀጠለ። «ሩ እና ፉ ግን ተሳስተዋል። ጭረታቸው እግራቸው ላይ ነው።» ከዚያ ፊቱ ተኮሳተረ። «ስድስተኛውን ግን ማነው የሠራው? ዝም ብሎ ነው የሠራው። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ ሕግ የለውም።» ተናዶ ነበር እኮ! በሳድስ የተናደደ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስንት ዓመት ፊደል አስቆጥሬ፣ ሩ እና ፉ ከሌሎቹ እንደሚለዩ አስተውዬ አላውቅም።

ይህ ልጅ ደብተሩ ባዶ ነው። ካርዱ ላይ ምን ይጻፍለታል? «ትኩረት ያንሰዋል።»

ስለ ትኩረት ካነሳሁ ቅዱስ ያሬድን ልጥቀስ። መቼ ትጠቅሰዋለች እያላችሁ እንደነበር አውቃለሁ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትምህርት አልገባው አለ፣ አጎቱ ጌዴዎን ገረፉት፣ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ትሏ እየወደቀች እየተነሳች በሰባተኛው ዛፉን ወጣች። እኛ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ትሏ ጽናት ነው። እስቲ ዛሬ ልጁን እንየው። ተገርፎ፣ ርቦት፣ ከቤት ሸሽቶ፣ አንዲት ትል ስንቴ እንደወደቀች የቆጠረ ልጅ! ትምህርት የማይገባው ልጅ ነው ይህ? አተኩሮ ማየት፣ በያዘው ነገር መመሰጥ፣ ሲጠሩት አለመስማት፣ ይህ ከዋነኞቹ ምልክቶች አንዱ ነው። የሚማርከውን ነገር ሲያገኝ ምግብ ይረሳል። የማይማርከው ላይ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይቀመጥም።

ሌላ ምን አለ? ቶሎ ይይዛል፤ ሁለተኛ ሦስተኛ ጊዜ መደጋገም አይፈልግም፤ ሲደጋገምበት ይረብሻል። በጨዋታ ላይ አዲስ ሕግ ያወጣል፤ ሌሎቹ ካልተከተሉት ይጣላል። ከእኩዮቹ ይልቅ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ማውራት ይወዳል። ቀልድ ይገባዋል። በደል አይወድም፤ ለሌላ ልጅ ተደርቦ ያለቅሳል። የሣለው ሥዕል እሱ እንዳሰበው ካልሆነ ወረቀቱን ይቀድደዋል። ስሜቱ ጠንካራ ነው፤ የካልሲ ስፌት ቆረቆረኝ ብሎ ቤቱን የሚያምስም አለ። እናቶች እዚህ ጋ ስትሳሳቁ አየሁ።

ደግሞ እነዚህ ልጆች እኩል አያድጉም። ጭንቅላቱ የአሥር ዓመት፣ እጁ የአምስት፣ ልቡ የአራት ዓመት ሊሆን ይችላል። ከለቅሶ ቤት ስትመለሱ «የሞተ ሰው ዕድሜው ይቆጠራል ወይስ ቆመ?» ብሎ ያስደነግጣችኋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብስኩቱ ተሰበረ ብሎ መሬት ላይ ይንከባለላል። ያኔ «ትልቅ ሰው መስሎኝ!» አትበሉት። ያው አምስት ዓመቱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከእነዚህ አንዱን ስላያችሁ ብቻ ቤት ሄዳችሁ እልል አትበሉ። የሚቀዠቀዥ ልጅ ሁሉ ባለ ተሰጥኦ አይደለም። አንዳንዱ እንቅልፍ አላገኘም፤ አንዳንዱ ሐኪም ያስፈልገዋል። ምልክቶቹ ተደራርበው፣ ለወራት ሲታዩ ነው። ጆሴፍ ሬንዙሊ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበውን ሐሳብ እኔ እወደዋለሁ። ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው ይላል፤ ከመካከለኛ በላይ የሆነ ችሎታ፣ የፈጠራ አእምሮ፣ በያዙት ሥራ ላይ መትጋት። ፊደል ላይ የተናደደው ልጅ ሦስቱም ነበረው። ትጋቱ ግን እኛ ባዘዝነው ሥራ ላይ አልነበረም።

ሦስተኛው። ይህ ነው የሚያመኝ። የማናያቸው ልጆች።

ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ የምገዛባት አንዲት እናት ነበረች። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጇ አጠገቧ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ስደርስ ልጅቷ መደቡን እያፈረሰች እንደገና ትደረድራለች። እናቷ በሃያ ብር የምትሸጠውን አንድ መደብ ለሁለት ከፍላ እያንዳንዱን በአሥራ ሁለት ብር አድርጋዋለች። «ለምን?» አልኳት። «ብዙ ሰው ሃያ ብር የለውም። አሥራ ሁለት ግን አለው። አራት ብርም ይተርፋል» አለችኝ። ማንም ያላስተማራት ንግድ ነው ይህ! በኋላ መምህሯን አገኘሁና ጠየቅኩ። «እሷ? ዝምተኛ ናት፤ እጇን አውጥታ አታውቅም» አለችኝ። ዩኒፎርሟ ያረጀ ስለሆነ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። በቤቷ ደግሞ ሴት ልጅ ብዙ አትናገርም ተብላ አድጋለች። ጥያቄ ብታደምጡ እንኳ የእሷን አትሰሙም፤ በሆዷ ነው የምትጠይቀው። እንዲህ ያለችዋን በእጇ ሥራ ነው የምታውቋት። ካሳን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት እንደነበር ጎንደር ውስጥ ያልሰማ የለም። አፄ ቴዎድሮስ ሆኖ መጣ! ስንቱ ካሳ፣ ስንቷ ሴት ካሳ ገበያ ላይ ቀረች?

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ትልቅ የትምህርት አስተዳደር ባለ ተሰጥኦ ልጆችን የሚመርጠው ወላጅና መምህር ሲጠቁሙ ነበር። ከዚያ በጥቆማ ብቻ መምረጡን ትቶ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ተማሪ ሁሉ መፈተን ጀመረ። ምን ሆነ? የድሆች ልጆች፣ የጥቁሮችና የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች ቁጥር በብዙ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነው። ልጆቹ ድሮም ነበሩ። ያልነበረው የሚያያቸው ዓይን ነው።

ማንበብ የሚቸግረው ባለ ተሰጥኦም አለ። የማንበብ ችግሩ ዲስሌክሲያ ይባላል። አፉ ላይ ወርቅ ነው፤ ተረት ሲያወራ ሰው ይሰበስባል፤ ደብተር ላይ ግን ፊደል ይምታታበታል። አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው ሰነፍ ተብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ ጠብቁኝ፤ ለብቻው እናወራለን።

ሆን ብለን የምንደብቃቸውም አሉ። «ዓይን ይበላዋል» እያልን። ሰው ፊት «ኧረ እሱ ምንም አያውቅም» የምትል እናት ስንት ናት? ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት። ግን ልጁ እኮ አጠገባችሁ ቆሞ ይሰማል!

እንግዲህ ምን እናድርግ? አጭር ነው፤ አትፍሩ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የኔታ ቤት ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ፊደል የጨረሰ ወደ ንባብ ይሄዳል፤ ንባብ የጨረሰ ዳዊት ይደግማል። ጓደኛውን አይጠብቅም። ፈጣኑ ይቀድማል፤ የዘገየው በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ቅኔ ቤት የገባውም ከጉባኤ ቃና ይጀምርና እንደ ችሎታው ይወጣል፤ ትናንት ያሰማውን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው ማንም አይቀበለውም፤ አዲስ ነው የሚፈለግበት። ለአቋቋም ጎንደር በዓታ ድረስ ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ በሚችለው ልክ ነው የሚሄደው። የኔታ ቤት ገነት ነበር አልልም፤ ኩርኩሙን የቀመሰ ያውቀዋል። የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከፊቴ እንደተቀመጡ አይቻለሁ። ነገር ግን በችሎታ መራመድን ያኔ እናውቅበት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸው እንዲማሩ ይል ነበር። ወረቀቱ ላይ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ከሃምሳ በላይ ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር እንዴት ያድርገው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መምህራን፣ ቢያንስ ይህን አድርጉ፤ የገባውን ልጅ አሥር ጊዜ አታስገልብጡት። ከበድ ያለ ጥያቄ ስጡት። ሁልጊዜ ደካማ ተማሪ እንዲያስጠና ብቻ አታድርጉት፤ እሱም መማር አለበት። ደብል መምታትንም በጅምላ አትፍሩት። ሁሉም ልጅ አይችለውም፤ ለደረሰ ልጅ ግን ክፍል መዝለል በአብዛኛው እንደሚጠቅም ጥናቶች ያሳያሉ። ከወላጅ ጋር ተመካከሩ፤ ልጁንም ጠይቁት።

ወላጆች፣ ለእናንተ የምሰጠው የቤት ሥራ በአንድ ደብተር ያልቃል። ልጃችሁ የጠየቀውን ጻፉ። ቀኑን ከላይ፣ ጥያቄውን እንዳለ ከታች። አታሳምሩት። መጻፍ የማትችሉ ታላቅ ልጃችሁን አስጽፉ። ለሁለት ወር ብቻ። ከዚያ ለመምህሩ አሳዩት። ከካርዱ የማታገኙትን ከዚያ ደብተር ታገኛላችሁ። የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉ። «ጆሮዬን አታድርቀው» አትበሉ። ደክሟችሁም ቢሆን አትበሉ!

ምስጋናችሁንም ተጠንቀቁ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ «ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ቀጥሎ ቀላሉን ሥራ መረጡ፤ አንዴ ሲከብዳቸው ውጤታቸውም ወረደ። «ጥሩ ጥረሃል» የተባሉት ከባዱን ሞከሩ። ስለዚህ «የኔ አይንስታይን» ማለቱን ቀንሱ። እንግዳ በመጣ ቁጥርም አስነስታችሁ አታስቆጥሩት።

ፊደል ላይ የተናደደው ልጅ ምን ሆነ እያላችሁኝ ነው አይደል? ያን ዓመት ፊደል መገልበጡን ተውኩለት። በምትኩ የሳድስን ሕግ ፈልገህ አምጣ አልኩት። አላገኘም። ግን ሳያየው ሁሉንም ጽፎ መጣ፤ በየትኛው በየትኛው እንደሚመሳሰሉ ከፋፍሎ። እናቱ ደብተሩን ይዛ መጥታ «ይኼ ምንድነው?» ብላኝ ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም። ሰዓቴን አልፌያለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ በዓይናቸው «በቃ» እያሉኝ ነው። ማይኩን ለወላጆች እሰጣለሁ። ከኋላ ያላችሁት እናቶች ቅደሙ፤ ሰማያዊ ነጠላ የለበሱት፣ ቅድም እጅዎን አንሥተው መልሰው ያወረዱት፣ እርስዎ ይጀምሩ።